የክልል የቲቢ ፕሮግራም እንዴት ይገመገማል? መዝገብ ላይ ከሌሉት ሰዎች ጀምሩ

ይህ ጽሑፍ ክልል ጤና ቢሮ ለምትሠሩ፣ ዞን ወይም ወረዳ ላይ የቲቢ ፎካል (የፕሮግራሙ ተጠሪ) ለሆናችሁ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የአንድን ክልል የቲቢ ፕሮግራም ልትገመግሙ ርዕስ የያዛችሁም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ክልሎች ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ።

የተለመደው ግምገማ እንዲህ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ይወጣል፣ ሕክምናቸውን በስኬት የጨረሱ 95 በመቶ ይላል፣ ስብሰባው ላይ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ወደ ሻይ እረፍት ይወጣል። ቁጥሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ግን የሚናገረው ሕክምና ስለ ጀመሩት ሰዎች ብቻ ነው። ቤቱ ተኝቶ የሚያስለው፣ ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕ እየገዛ ወር ያለፈው፣ ጸበል ቦታ የከረመው፣ ጤና ጣቢያ መጥቶ አክታ ሰጥቶ ውጤቱን ሳይሰማ የቀረው፣ እነዚህ ሁሉ እዚያ 95 ውስጥ የሉም። በሽታው በብዛት የሚተላለፈው ደግሞ ካልታከሙት ነው። ስለዚህ ግምገማችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ይከተል፦ ዘንድሮ በዚህ ክልል በቲቢ ከታመሙት ስንቱን አገኘን፣ ካገኘነው ስንቱ ዳነ፣ ያላገኘናቸውስ የት ናቸው?

አካፋዩን ሳታጣሩ አትነሱ

አካፋይ የምለው የታማሚው ቁጥር የሚካፈልበትን ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ የሕዝብ ብዛቱን። ብዙ ግምገማ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት የሕዝብ ቁጥር በሙሉ ትንበያ ነው። ለአንድ ትልቅ ክልል ትንበያው ብዙም ላያሳስት ይችላል። ወረዳ ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ወረዳ ወጣቱ ወደ ከተማ ፈልሶ ሰው አንሶታል፣ ሌላው የስኳር ፋብሪካ ወይም የወርቅ ቁፋሮ ተከፍቶበት በእጥፍ አድጓል፣ ሌላው ተፈናቃይ ተቀብሏል። ወረቀቱ ላይ ያለው የሕዝብ ብዛት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። "ወረዳው ከዕቅዱ 140 በመቶ አሳካ" የሚል ሪፖርት ስታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ አካፋዩን ነው።

ምን ታደርጋላችሁ? የትንበያውን ቁጥር ያዙ። ከጎኑ ከጤና ኬላዎች የቤተሰብ ፎልደር (የየቤቱ ሰው የሚመዘገብበት ማህደር) የተደመረውን ቁጥር አስቀምጡ። ሁለቱ ከተራራቁ በሁለቱም አስሉትና ሁለቱንም ውጤት ሪፖርቱ ላይ አሳዩ። አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ ያስጠይቃል፤ ሁለቱን ማሳየት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ሌላው ችግር ወሰን ነው። ቀድሞ ደቡብ ክልል የነበረው ዛሬ አራት ክልል ሆኗል፤ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 መጨረሻ። የአምስት ወይም የስድስት ዓመት አዝማሚያ የምትሠሩ ከሆነ የድሮውን የክልል ድምር አትውሰዱ። ዛሬ ክልሉ ውስጥ ያሉትን ወረዳዎች ብቻ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱና እንደገና ደምሩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ያለ እሱ የምታወጡት ግራፍ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ አስተዳደር ወሰን ነው የሚናገረው።

የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሱ። የጤና በጀት ዓመታችን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። ሁለቱን ስታነጻጽሩ ወራቱን አስተካክሉ፣ ወይም ቢያንስ ልዩነቱን ጻፉት።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2022 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ያወጣው ግምት በ100 ሺህ ሰው 126 አዲስ ታማሚ ነው። አንድ ዞን 1 ሚሊዮን ሕዝብ አለው እንበል። በዚህ ግምት በዓመት 1,260 ሰው ይታመማል ማለት ነው። ዞኑ የመዘገበው 820 ከሆነ 65 በመቶ ያህል አግኝቷል፤ 440 ሰው የት እንዳለ አይታወቅም። ነገር ግን 126 የአገር አማካይ ነው። አርብቶ አደር አካባቢ፣ ትልቅ ከተማ፣ ደጋማ ገጠር አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ 65ቱን እንደ ፍርድ አትያዙት። ጥቅሙ ወረዳ ከወረዳ ለማነጻጸርና የት ሄዳችሁ ማየት እንዳለባችሁ ለመምረጥ ነው። ጎን ለጎን ያሉ፣ ኑሯቸውም አየራቸውም የሚመሳሰል ሁለት ወረዳዎች አንዱ በ100 ሺህ 130፣ ሌላው 45 ከመዘገቡ፣ ከ45ቱ ጀምሩ። እዚያ ያለው ሕዝብ ከበሽታው ተርፎ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ያለባቸው በ100 ሺህ 277 መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ባክቴሪያ የነበራቸው 108 ያህል ብቻ ናቸው። ማይክሮስኮፕ ብቻ ይዘን ስንቱን ስናልፍ እንደኖርን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

ከሳል እስከ መዳን ያለውን ሰንሰለት ቁጠሩ

የግምገማው ልብ ይህ ነው። አንድ ሰው ሲያስል ጀምሮ ድኖ ከመዝገብ እስኪወጣ ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ዘርዝሩና በየደረጃው ስንት ሰው እንደጠፋ ቁጠሩ። የሚጠፉበት ቦታ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፣ መፍትሔውም እንደዚያው።

ተመላላሽ ክፍል ላይ ጀምሩ። አንድ ጤና ጣቢያ በሩብ ዓመት 3,000 አዋቂ ታካሚ አስተናገደ እንበል። የተጠርጣሪ መዝገቡን ስታዩ 12 ሰው ብቻ አለ። ከ3,000 ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው 12 ብቻ ነው? አይመስልም። ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ባለሙያው "ሳል አለህ? ስንት ጊዜ ሆነህ?" ብሎ ይጠይቃል? ሰውነቱ ከስቶ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ያልበው እንደሆነ ይጠይቃል? ብዙ ጊዜ ወረፋው ረጅም ነው፣ ጥያቄው ይዘለላል፣ አንቲባዮቲክ ታዝዞ ሰውየው ይሄዳል። ይህን ምንም ሪፖርት አይነግራችሁም፤ ተቀምጣችሁ ማየት ብቻ ነው ያለው። የሕፃናት ክፍሉን፣ የስኳር ክትትሉን፣ የኤችአይቪ ክሊኒኩን፣ የእናቶች ክፍሉንም እንዲሁ። ቲቢ "የቲቢ ክፍል ጉዳይ" ተደርጎ የተተወበት ቦታ ሰው ይጠፋል።

ቀጥሎ ከተመረመሩት ስንቱ ላይ ተገኘ? ከእነዚያ 12 ሰዎች 4ቱ ላይ ተገኘ እንበል፤ ይህ ሲሶ ነው። ሲያዩት ጥሩ ውጤት ይመስላል። ግን እንዲህ ከፍ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጣም የታመመ፣ ከሩቅ የሚታወቅ ሰው ብቻ እየተመረመረ ሲሆን ነው። በተቃራኒው መቶዎች ተመርምረው አንድም ካልተገኘ፣ ወይ የማይመለከተው ሰው እየተመረመረ ነው፣ ወይ አክታ ተብሎ የሚመጣው ምራቅ ነው፣ ወይ ላቦራቶሪው ችግር አለበት። ሦስቱንም ሄዶ ማየት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ገምጋሚ የሚዘለው ደረጃ። የላቦራቶሪ መዝገቡንና የሕክምና መዝገቡን ጎን ለጎን ዘርጉ። ባለፉት ሁለት ሩብ ዓመታት ላቦራቶሪ ውስጥ ቲቢ የተገኘባቸውን ስም በስም፣ ዕድሜ በዕድሜ፣ ቀበሌ በቀበሌ ሕክምና መዝገቡ ላይ ፈልጉ። ያልተገኙት የት ሄዱ? አንዳንዶቹ ሌላ ጤና ጣቢያ ጀምረው ይሆናል፤ ስልክ ደውሉ። አንዳንዶቹ ቲቢ እንደተገኘባቸው ጭራሽ አልሰሙም። ናሙናው ጂንኤክስፐርት (የባክቴሪያውን ዘረ-መል የሚፈልግ የምርመራ ማሽን) ወዳለበት ሆስፒታል ሄዶ ውጤቱ ሲመለስ ሰውየው ከሄደ ሳምንት ሆኖታል፤ የሰጠው ስልክ አይሠራም፣ አድራሻው ላይ የተጻፈው ቀበሌ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም የሕክምና ውጤት ሪፖርት ላይ አይታዩም፤ ሕክምና ስላልጀመሩ "አቋረጡ" እንኳ አይባሉም። ለእኔ የአንድን ክልል ፕሮግራም ጤንነት በአንድ ቁጥር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው፦ ከተገኘባቸው ውስጥ ሕክምና ያልጀመሩት ስንት በመቶ ናቸው፣ የጀመሩትስ ከምርመራው ስንት ቀን በኋላ ጀመሩ?

95 በመቶውን መርምሩት

የሕክምና ውጤት የሚታየው በኮሆርት ነው፤ አምና በዚህ ሩብ ዓመት የተመዘገቡት ዛሬ የት ደረሱ ማለት ነው። ሕክምናው ስድስት ወር ስለሆነ የዘንድሮዎቹን አሁን መገምገም አይቻልም።

"ስኬት" የሚባለው ሁለት ነገር አንድ ላይ ተደምሮ ነው፦ ድኗል የተባለውና ሕክምናውን ጨርሷል የተባለው። ድኗል ለማለት በመጨረሻው ወር አክታው ተመርምሮ ነጻ መሆን አለበት፣ ከዚያ በፊትም ቢያንስ አንዴ። ጨርሷል ለማለት ግን መድኃኒቱን መጨረሱ ይበቃል። ስለዚህ በላቦራቶሪ ከተረጋገጡት ታማሚዎች መካከል ከ"ድኗል" ይልቅ "ጨርሷል" የበዛበት ተቋም ካገኛችሁ፣ በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር የክትትል አክታ እየተመረመረ አይደለም። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ ምክንያቱ ጂንኤክስፐርት ከገባ ወዲህ ማይክሮስኮፑ አቧራ ለብሶ መቀመጡ ነው። ጂንኤክስፐርት የሞተ ባክቴሪያንም ስለሚያገኝ ለክትትል አያገለግልም፤ ማይክሮስኮፑና ማቅለሚያው አሁንም ያስፈልጋሉ።

ከዚያ "ወደ ሌላ ተቋም የተላኩ" እና "ውጤታቸው ያልታወቀ" የተባሉትን ፈልጉ። አንዳንድ ተቋም እነዚህን ከአካፋዩ ያወጣቸዋል፤ በዚህ ብቻ ስኬቱ ከ86 ወደ 95 ሊዘል ይችላል። እናንተ መልሳችሁ አስገቧቸው። የሞቱትን ደግሞ በወር ለዩዋቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚሞት ሰው ብዙ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ከሕክምናው በፊት ነው፤ ሰዎቹ የሚደርሱት በጣም ዘግይተው ነው። የኤችአይቪ ምርመራ ተደርጎላቸው እንደነበር፣ ቫይረሱ ካለባቸውም መድኃኒቱን ጀምረው እንደነበር አብራችሁ እዩ።

ሌላ ዘዴ አለ፣ ድካም አለው ግን ዋጋ አለው። "ጨርሰዋል" ከተባሉት ዝርዝር ውስጥ በዕጣ አሥር ሰው አውጡና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል አግኟቸው። በእርግጥ ጨርሰዋል? ስንት ወር ወሰዱ? አሁንስ እንዴት ናቸው? ይህን ስታደርጉ የሰውየውን ክብር ጠብቁ። አርማ የተለጠፈበት መኪና በሩ ላይ አታቁሙ፣ ጎረቤት ፊት ስለ ቲቢ አታንሱ፣ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። በቲቢ ምክንያት ከሥራ የወጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ ሰው አለ።

መረጃው ራሱ ይታመናል?

የዲኤችአይኤስ 2 (ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትገምግሙ፤ ቢያንስ በናሙና ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ተቋማት ምረጡ፣ የአንድ ሩብ ዓመት ታማሚዎችን ከመዝገቡ ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ሪፖርት ከተደረገው ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ በሌላው ቁጥር ላይ ብዙ አትደገፉ።

ተቋም ስትመርጡ ከአስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ አትያዙ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ነዳጅና አበል ሲቆጠር ዝርዝሩ ቀስ በቀስ ወደ ዋናው መንገድ ይጠጋል። በዕጣ አውጡ፣ የወጣው ይሁን።

ያልተላከ ሪፖርት ዜሮ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፣ ተዘርፈዋል፤ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ለወራት የማይደረስባቸው ቦታዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጊዜ ውስጥ የተመዘገበ ታማሚ ቀነሰ ሲባል በሽታው ቀነሰ ማለት አይደለም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት መላክ ከነበረባቸው ተቋማት ስንቱ እንደላኩ ከግራፉ በታች ጻፉ። በኮቪድ ጊዜ የታየውን መውረድም በዚሁ ዓይን አንብቡት።

ላቦራቶሪው

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የጂንኤክስፐርት ማሽኑ ስንት ሞጁል (ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) አለው፣ ስንቱ ይሠራል? ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ) ባለፈው ዓመት ስንት ቀን አልነበረም? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? በየወሩ ከተሠራው ውስጥ ስህተት ሰጥቶ የተበላሸው ስንት ነው? ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ማሽኑን ወይም አሠራሩን መፈተሽ ያስፈልጋል። ናሙና ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ውጤቱ እስኪመለስ ስንት ቀን ይፈጃል? በብዙ ቦታ ናሙና የሚያጓጉዘው ፖስታ ቤት ነው፤ ስለዚህ የፖስታ መልእክተኛውንም አነጋግሩ፣ የትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሳይመጣ ሲቀር ማን እንደሚደውል። የማይክሮስኮፕ ጥራት ቁጥጥር፣ ማለትም ስላይዶች በዕጣ ተወስደው ሌላ ቦታ እንደገና የሚታዩበት አሠራር፣ በትክክል ይካሄዳል ወይስ ቅጹ ብቻ ነው የሚሞላው?

ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የተመረመረላቸው ስንቶቹ እንደሆኑም እዩ። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ምርመራው ካልሰፋ በሽታው አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም።

እነማን ናቸው የጎደሉት?

የተመዘገቡትን በዕድሜና በፆታ ከፋፍሉ። በዓለም ደረጃ ከቲቢ ታማሚዎች 12 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የእናንተ ወረዳ 3 በመቶ ካለ ልጆቹ እየታዩ አይደለም፤ 25 በመቶ ካለ ደግሞ ያለ በቂ ማስረጃ መድኃኒት እየተጀመረላቸው ሊሆን ይችላል። ከሳንባ ውጭ ያለውንም እንዲሁ። በአገራችን ከሚመዘገበው ሲሶ ያህሉ ከሳንባ ውጭ ነው፣ በዓለም ደረጃ ግን ከአምስት አንድ አይሞላም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ግማሹ "የእጢ ቲቢ" ከሆነ ሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ በምን እንደመረመሩ ጠይቁ።

ከዚያ ቦታዎቹ። ማረሚያ ቤት አለ? እስረኛ ሲገባ ሳል ይጠየቃል? ሲፈታ ሕክምናው ወዴት ይዛወራል? የመፈናቀያ ጣቢያ፣ የሰፋፊ እርሻ ሠራተኞች መኖሪያ፣ የወርቅ ቁፋሮ ቦታ፣ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት ጸበል፤ የክልላችሁን ካርታ ዘርጉና ምልክት አድርጉባቸው። ጸበል ቦታ ላይ ከአባቶች ጋር ተነጋግሮ የሚሠራ ወረዳ ካለ አሠራሩን በደንብ ጻፉት። "ጸበሉን ተው" የሚል ባለሙያ ሰውየውን ያጣዋል፤ "ጸበሉንም መድኃኒቱንም" የሚል ያገኘዋል። አርብቶ አደር አካባቢ ደግሞ ስድስት ወር አንድ ቦታ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ መድኃኒቱ እንዴት አብሮት እንደሚጓዝ ካልታየ ግምገማው ጎዶሎ ነው።

የቤተሰብ ምርመራ። አንድ ታማሚ ሲገኝ አብረውት የሚኖሩት ተጠይቀዋል? ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ልጆች መከላከያ መድኃኒት ጀምረዋል? ጨርሰዋል? መዝገቡ ብዙ ጊዜ "ተጠይቀዋል" ላይ ይቆማል። መጀመርና መጨረስ ነው የሚቆጠረው። ቁጥሩም ራሱ ይናገራል፤ 200 ታማሚ ያለው ወረዳ 150 የቤተሰብ አባል ብቻ ከመረመረ ለአንድ ሰው አንድ እንኳ አልደረሰም፣ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ስንት ሰው እንደሚኖር እናውቃለን።

መሻሻሉ ከምን መጣ?

ቁጥር ከፍ ሲል ሁሉም "በእኛ ሥራ ነው" ይላል። ለማጣራት የሲዳማን ታሪክ እንደ አብነት ውሰዱ። ሲዳማ ገና ዞን ሳለ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁለት ሳምንት ያሳለውን ሰው በየመንደሩ እየለዩ አክታ ይሰበስቡ፣ ስላይድ ላይ ይቀቡ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በሞተር ብስክሌት ወደ ላቦራቶሪ ያደርሱታል። በታተመው ጥናት መሠረት በማይክሮስኮፕ የተረጋገጠው የሳንባ ቲቢ ምዝገባ በ100 ሺህ ከ64 ወደ 127 ወጣ። የሕክምና ስኬቱ ከ77 ወደ 93 በመቶ አደገ፣ ያቋረጡት ከ11 ወደ 3 በመቶ ወረዱ።

ይህን የሚያሳምነው እጥፍ መሆኑ ብቻ አይደለም። ያ ሥራ ያልተሠራበት ሌላ ዞን በተመሳሳይ ጊዜ ታይቶ እዚያ እንዲህ ያለ ለውጥ አልመጣም። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። አዲስ አሠራር የገባበትን ወረዳ ካልገባበት ጎረቤቱ ጋር፣ ከመግባቱ በፊት ካሉት ሁለት ዓመታት ጋር አስተያዩ። ሁለቱም እኩል ከጨመሩ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ምናልባት አዲስ ማሽን፣ ምናልባት ሪፖርት መስተካከሉ። ሌላም አለ፦ አዲስ ፍለጋ ሲጀመር ምዝገባ ይጨምራል፣ ለዓመታት በደንብ ሲሠራ ደግሞ ይወርዳል። መውረዱ ጥሩ የሚሆነው የተመረመረው ሰው ብዛት ሳይቀንስ የተገኘባቸው ሲቀንሱ ነው። ምርመራውም አብሮ ከወረደ ፍለጋው ነው የቆመው።

ታማሚውን ጠይቁት፣ ገንዘቡንም ጠይቁ

የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ነጻ ነው። ሰውየው ግን እዚያ እስኪደርስ የትራንስፖርት፣ የግል ክሊኒክ፣ የራጅ፣ የአልባሌ መድኃኒት ወጪ አውጥቷል፣ የቀን ሥራውንም አጥቷል። ዓለም አቀፉ መለኪያ አንድ ቤተሰብ በቲቢ ምክንያት ከዓመት ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ካወጣ ወይም ካጣ ከባድ ኪሳራ ደርሶበታል ይላል። ሙሉ የወጪ ጥናት ባትችሉ እንኳ ጥቂት ታማሚዎችን በየወረዳው አነጋግሩ። ሳሉ መቼ ጀመረ? መጀመሪያ የት ሄድክ? ስንተኛው ቦታ ላይ ቲቢ ነው ተባልክ? ምን ሸጥክ? መልሳቸው የመዘግየቱን መንገድ ያሳያችኋል። ብዙዎች መጀመሪያ ያዩት ፋርማሲና የግል ክሊኒክ ከሆነ፣ እነሱን ያላካተተ ፕሮግራም ሰው እየጠፋበት ነው።

በመጨረሻ ፕሮግራሙ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ እዩ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲቆም በብዙ ቦታ የክትትል ጉዞ፣ የናሙና ማጓጓዣ፣ የመረጃ ሠራተኛ አብሮ ተናግቷል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ዘርዝሩና ከጎኑ ማን እንደሚከፍል ጻፉ፦ ክልሉ፣ ፌደራል፣ ግሎባል ፈንድ፣ ሌላ አጋር። አጋሩ ነገ ቢሄድ የሚቆመው የትኛው ነው? ይህን ሰንጠረዥ ቢሮ ኃላፊው ራሱ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ በጀት ሲከራከር ይጠቅመዋል።

ሪፖርቱ

መቶ ገጽ አትጻፉ። ለቢሮው አጠር ያለ ሰነድ፣ ለእያንዳንዱ ወረዳ ደግሞ አንድ ገጽ። ገጹ ላይ የወረዳው ሰንሰለት ይኑር፤ ስንት ተጠረጠረ፣ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተገኘበት፣ ስንት ጀመረ፣ ስንት ዳነ። ትልቁ ጉድለት የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ በቀይ አክብቡት። ከሥሩ ሦስት ሥራ፣ የሚሠራው ሰው የሥራ ድርሻና ቀኑ።

ወረዳ ከወረዳ ደረጃ አውጥታችሁ አትለጥፉ። በጣም ብዙ ሰው የሚያጣው ወረዳ ፎካል ብዙ ጊዜ ለወባውም ለኤችአይቪውም ተጠሪ የሆነ አንድ ብቸኛ ሰው ነው፤ ሲያሳፍሩት ቁጥሩን ማሳመር ይማራል። ውጤቱን መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት፣ የተሳሳተ ነገር ካለ ያርማችሁ፣ ከዚያ ወደ ስብሰባው ይሂድ።

ከላቦራቶሪ መዝገብ ላይ ያገኛችኋቸውን፣ ሕክምና ያልጀመሩትን ሰዎች ስም ግን ሪፖርቱ እስኪያልቅ ይዛችሁ አትቆዩ። በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ስጡ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ጋ ይደወል፣ ሰዎቹ ይፈለጉ። በሚቀጥለው ሳምንት እናንተ ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉና ስንቱ እንደተገኘ ጠይቁ።